መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፍሪዘሬ ያልነገረኝ

ከአረፋ በኋላ ባለው ሳምንት ልጆቼን ይዤ ከደሴ ወደ እናቴ ቤት፣ ሐይቅ ሄድኩ። ሦስት ሌሊት አደርን። የልጆቼ አባትም በሥራ ምክንያት ከከተማ ወጥቶ ስለነበር ቤቱ ተዘግቶ ከረመ። ስንመለስ መብራት አለ። ፍሪጁ ይሠራል። ፍሪዘሩን ስከፍተው ሥጋው ሁሉ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ደክሞኝ ስለነበር ከመሄዴ በፊት ሠርቼ ያስቀመጥኩትን ምንቸት አብሽ አወጣሁና ጣድኩት። ሲንተከተክ አውርጄ ምሳ አቀረብኩ። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነበር።

11 ሰዓት ላይ ትንሹ ልጄ ማስመለስ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ እህቱ ተከተለችው። እኔንም ማታ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። የልጁ ግን የባሰ ነበር፤ የጠጣው ውሃ እንኳ አልረጋለት አለ። ተሸክሜው ጤና ጣቢያ ሮጥኩ።

ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን በላችሁ?» ብላ ነው። ነገርኳት። ቀጥላ «ሰሞኑን መብራት ጠፍቶባችሁ ነበር?» አለችኝ። እኔ እስከማውቀው አልጠፋም አልኳት። ኦ አር ኤስ የሚባለውን፣ ከሰውነት የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት ሰጠችኝ። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጬ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ እንዳጠጣው አሳየችኝ። ሌሊቱን እንዲያ ስናደርግ አደርን። ሲነጋ ቀለል አለው፣ አልሐምዱሊላህ።

ጠዋት ጎረቤቴ ልትጠይቀን መጣች። የሆነውን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ በሞትኩት! ለካ አንቺ አልነበርሽም። ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ነበር እኮ!»

ሄጄ ፍሪዘሩን እንደገና ከፈትኩት። አሁን በደንብ አየሁ። ለየብቻ የደረደርኳቸው ፌስታሎች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ወለሉ ላይ ደም የቀላቀለ በረዶ ረግቷል። ክብ አድርጌ የጠቀለልኩት የተፈጨ ሥጋ ተንጣሎ እንደ ቂጣ ሆኗል። ሥጋው ሟሙቶ፣ ሞቆ፣ መብራት ሲመጣ ተመልሶ ጠጥሯል። ትናንት ግን እኔ ያየሁት መጠጠሩን ብቻ ነው።

ልጁን ለማሳየት ስመለስ ነርሷን አንድ ነገር ጠየቅኳት። «ግን እኮ በደንብ አፍልቼዋለሁ። ጀርሙ እንዴት አልሞተም?» ያኔ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቅዝቃዜ ጀርምን አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። በረዶው ሲለቅ ይነቃና መራባት ይጀምራል። አንዳንዱ ጀርም ደግሞ በተራባበት ምግብ ላይ መርዝ ይተዋል። ምግቡ ሲፈላ ጀርሙ ይሞታል፣ መርዙ ግን ይቀራል። ከበሉ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚመጣ ማስመለስ ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነት ነው አለችኝ። በእጅ የተነካካ፣ ከተበሰለ በኋላ ሳይቀዘቅዝ የቆየ ምግብ ላይ ደግሞ ይህ ጀርም በጣም ይመቸዋል። የእኔ ምንቸት አብሽ መብራት በጠፋበት ፍሪዘር ውስጥ ሟሙቶ ብዙ ሰዓት ተቀምጧል።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ፍሪዘር የገባ ነገር ሁሉ ደህና ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ፍሪዘር ሥጋውን በገባበት ሁኔታ ያቆመዋል። ሳይገባ የተበላሸ እንደሆነ እንደተበላሸ ያቆመዋል። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ወደ ቤቴ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ያለውን ነገር አንድ በአንድ ቀየርኩ።

የአረፋን ቀን ታውቁታላችሁ። የራሳችሁ በግ አለ። ከአጎት ቤት ይመጣል፣ ከአማት ቤት ይመጣል። ሁሉም በፌስታል ነው፣ ሁሉም ገና ትኩስ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቼም ለፋሲካ የቅርጫ መደባቸውን ሲያመጡ ያው ነው። ሥጋው ቢለያይም ችግሩ አንድ ነው። በፊት ይህን ሁሉ እንደመጣ ፍሪዘር ውስጥ እጠቀጥቀው ነበር። ላዩ ቶሎ ይጠጥራል፤ መሐሉ ግን ለብ እንዳለ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ከዚያም አልፎ ቀድሞ የገባውን ሥጋ ያሞቀዋል። የቤት ፍሪዘር ጠጥሮ የገባን ነገር ጠጥሮ ማቆየት ይችላል። አሥራ አምስት ኪሎ ትኩስ ሥጋ በአንድ ጊዜ ማቀዝቀዝ ግን ከአቅሙ በላይ ነው።

አሁን ሥጋው ጥላ ባለበት፣ ንፋስ በሚያገኘው፣ ዝንብ በማይደርስበት ቦታ ይሰቀልና ትንሽ ትኩሳቱ ይለቀዋል። ከዚያ ይበለታል። በትሪ ዘርግቼ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ፍሪዘር የሚገባው በነጋታው ነው፣ እሱም ከፋፍዬ። ይህ ለጥርስም ጥሩ ነው። ገና የታረደ ሥጋ ወዲያው በረዶ ሲሆን ጡንቻው ይኮማተራል፤ ስትቀቅሉት እንደ ጫማ ሶል ይሆንባችኋል። የእኔ የአረፋ ሥጋ ለምን እንደሚጠነክር ዓመታት አልገባኝም ነበር። በጉን ነበር የምወቅሰው።

ጉበት፣ ኩላሊትና ጨጓራ አይጠብቁም። በዕለቱ ዱለት ይሆናሉ፣ ቢዘገይ በነጋታው። የተፈጨ ሥጋና ዶሮም ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ መቆየት የለባቸውም። ያልተፈጨው ሥጋ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይታገሣል። ፍሪጁ ግን ከ5 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። ጀርም በጣም የሚመቸው በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሐል ነው። ትንሽ ቴርሞሜትር ገዝቼ ፍሪጄ ውስጥ ሳስቀምጥ 9 ዲግሪ አገኘሁ! በሩ ላይ ያለው ጎማ ላልቶ ቅዝቃዜውን ያስወጣ ነበር። ጎማውን አስቀየርኩ። ፍሪዘር ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መድረስ አለበት።

አጠቃቀለሉን በተመለከተ ሦስት ነገር ብቻ ልበል። የመጀመሪያው፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ለየብቻ። ሦስት ኪሎ በአንድ ላይ ያጠጠረ ሰው ግማሽ ኪሎ ሲፈልግ ሦስቱንም ማሟሟቱ አይቀርም። ሁለተኛው፣ ጠፍጣፋ አድርጎ። ስስ ጥቅል ቶሎ ይጠጥራል፣ ሲወጣም ቶሎ ይለቃል። ቀስ ብሎ የሚጠጥር ሥጋ ውስጡ ትልልቅ በረዶ ይሠራል፤ በረዶው ሥጋውን ከውስጥ ይበሳሳውና ሲለቅ ጭማቂው ሁሉ ይፈስሳል። ሦስተኛው፣ አየሩን አስወጥቶ መዝጋት። አየር ያገኘው ሥጋ ላዩ ይደርቅና ግራጫ ነጠብጣብ ያወጣል። ይህ አይመርዝም፤ ጣዕሙ ግን ይሄዳል። ያን ቦታ ቆርጣችሁ ጣሉት። እኔ ጥቁሩን ፌስታል ትቼ ወፍራሙን ነጭ የምግብ ላስቲክ ነው የምጠቀመው። ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በፓርከር ምንነቱንና ቀኑን እጽፋለሁ። የተፈጨ ሥጋ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ቢያልቅ ጥሩ ነው። የበሰለ ወጥ በሁለትና በሦስት ወር። ሙዳ ሥጋ ከዚያ በላይ ይቆያል። ቀጥ ብሎ ከዜሮ በታች 18 ላይ ከቆየ፣ ጊዜው ቢያልፍ ጣዕሙ ነው የሚቀንሰው። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ቤት ግን ይህን ያህል ባታቆዩት ይሻላል።

ወደ በሰለው ልምጣ። እኛ ደሴዎች አንድ ክፉ ልማድ አለን። «ብርድ አገር ነው፣ ምን ይሆናል?» እንልና ድስቱን ከነክዳኑ ምድጃው ላይ አሳድረን እንተኛለን። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ድስቱን ከውጭ ነው የሚያቀዘቅዘው። የትልቅ ድስት መሐል ግን እስከ እኩለ ሌሊት ሞቅ እንዳለ ነው። ያ ሙቀት ጀርም የሚፈልገው ነው። ትልቅ ድስት ወጥ ላይ፣ በተለይ የድግስ ወጥ ላይ፣ ሙቀትን ተቋቁመው የሚቀሩ የጀርም ዘሮች አሉ። ወጡ ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቁና ይበዛሉ። ሠርግ ወይም ለቅሶ ላይ በልተው ብዙ ሰዎች በአንድ ሌሊት ሆዳቸውን ሲታመሙ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ ወጡ እንደወረደ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ አማስለዋለሁ። ለብ ሲል ጠፍጠፍ ባሉ ባለ ክዳን ዕቃዎች እከፋፍለዋለሁ። ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይገባል። ትኩስ ነገር ፍሪጅ ያበላሻል የሚሉ አሉ። ሙሉ ድስት እሳት እንደሆነ ካስገባችሁ አዎ፣ ያስቸግራል። በትንሽ ዕቃ የተከፋፈለ ለብ ያለ ወጥ ግን ምንም አያደርገውም።

ፍሪጅ የገባ የበሰለ ሥጋ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው። ጎረቤቴ ይህን ስነግራት ቆም ብላ አሰበች። እሁድ የሠራችው ወጥ ረቡዕ ጾም ነው፣ አይበላም። ሐሙስ ስታወጣው አራተኛ ቀኑ ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም። ቅዳሜ ላይ ያለችው ወጥ ስድስት ቀኗ ነው! «እኔ እኮ ቅዳሜ ቁርስ አደርገዋለሁ» አለችኝ። አሁን እሁዱኑ ከፍላ ለቅዳሜ የምትፈልገውን ፍሪዘር ታስገባለች።

ስታሞቁ ደግሞ አማስሉ። ዳር ዳሩ ስለፈላ መሐሉ ሞቋል ማለት አይደለም። ሁሉም ቦታ ከ70 ዲግሪ ማለፍ አለበት፤ መሐሉም ሲንተከተክና ሲያጨስ ማየት አለባችሁ። ደሴ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቅቅላችን ቶሎ የማይበስልልን ለዚህ ነው። ጀርሙን ለመግደል ግን በቂ ነው፤ ጊዜ ስጡት እንጂ። ደጋግማችሁ አታሙቁ። የምትበሉትን ብቻ ቀንሳችሁ አሙቁ።

በረዶ ማስለቀቅ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። እናቴ ሥጋ ማታ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ታሳድራለች። እኔም ከእሷ የወረስኩት ይህንን ነው። ጠዋት ስትነኩት መሐሉ ገና በረዶ ነው። ላዩ ግን ቀድሞ ለቆ ሌሊቱን ሙሉ በክፍሉ ሙቀት ተቀምጧል። መሐሉን ስትጠብቁ ላዩ ይበላሻል። ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ምድጃ ጥግ ማስቀመጥ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

ከሁሉም የሚሻለው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ዛሬ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ያወረድኩት ስስ ጥቅል ለነገ እራት ይደርስልኛል። ሁለት ኪሎ የሚሆን ጭን ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈልጋል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ አስቡ። ጎድጎድ ባለ ሳህን አድርጋችሁ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ደሙ ወደ ቲማቲሙና ሰላጣው እንዳይንጠባጠብ ነው። ቲማቲሙን ጥሬውን ነው የምትበሉት፣ የሥጋው ጀርም እዚያ ከደረሰ እሳት አያገኘውም። እንዲህ ፍሪጅ ውስጥ የለቀቀ ጥሬ ሥጋ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ተመልሶ ፍሪዘር ሊገባ ይችላል፤ ትንሽ ጭማቂ ያጣል እንጂ ችግር የለውም።

እንግዳ ድንገት ከመጣ ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ሥጋው ውሃ በማያስገባ ላስቲክ በደንብ ይታሰርና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ውሃው በየ30 ደቂቃው ይቀየራል። ግማሽ ኪሎ በአንድ ሰዓት አካባቢ ይለቃል። የደሴ የቧንቧ ውሃ ለዚህ አንደኛ ነው። በዚህ መንገድ የለቀቀ ሥጋ ግን ወዲያው መብሰል አለበት፤ ጥሬውን ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም። ጭራሽ ጊዜ ከሌለስ? ከነበረዶው ድስት ውስጥ ክተቱት። ለቅቅልና ለአጥንት ምንም አይልም። ከተለመደው ጊዜ ግማሽ ያህል ይጨምራል እንጂ ይበስላል።

ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሰው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «ፍሪዘር የገባ ሥጋ የኮሶ ትሉ ስለሚሞት በጥሬው ይበላል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ከፊሉ እውነት ነው። ሥጋ ውስጥ ያለው የኮሶ እጭ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ለአሥር ቀን ከቆየ ይሞታል። ሆድ የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች ግን አብረው አይሞቱም። የእኔ ልጅ የታመመው በበሰለ ነው። ከፍሪዘር የወጣ ሥጋ በእኔ ቤት በጥሬው አይቀርብም፤ ለእንግዳም ቢሆን።

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ነገር በሩን አለመክፈት ነው። ያልተከፈተ ሙሉ ፍሪዘር ወደ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ግማሹ ባዶ ከሆነ ወደ 24 ሰዓት ነው። ፍሪጁ ግን አራት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የሚችለው። መብራቱ ሲመጣ እያንዳንዱን ጥቅል በእጃችሁ ንኩ። ውስጡ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለ፣ ወይም እንደ ፍሪጅ ከቀዘቀዘ፣ ተመልሶ ሊጠጥር ወይም ወዲያው ሊበስል ይችላል። ለስልሶ ለብ ካለ ይጣላል። ቅመሱና ለዩ እንዳትሉ። የሚያሳምም ምግብ ሁልጊዜ አይሸትም፤ የእኔ ምንቸት አብሽ ምንም ሽታ አልነበረውም።

እንደ እኔ ቤቱን ዘግቶ ለሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ ብልሃት አለ። በብርጭቆ ሳይሆን በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አጠጥሩ። በረዶው ላይ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ላይ ካለ በረዶው አልለቀቀም። መሐል ላይ ከሰመጠ ወይም ታች ከደረሰ፣ እናንተ ሳትኖሩ ውሃው ሟሙቶ እንደገና ጠጥሯል ማለት ነው። ያኔ ይህች ሳንቲም ኖራ ቢሆን ልጄን ተሸክሜ ጤና ጣቢያ አልሮጥም ነበር።

ለዘመድ ሥጋ መላክም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እህቴ ባቲ ናት። በፊት ጠዋት የታረደውን በፌስታል አድርጌ በሚኒባስ እልክላት ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ ከዚያም ወደ ባቲ ሲዘለቅ ሙቀቱ እየጨመረ ነው የሚሄደው። ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሥጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። አሁን አስቀድሜ አጠጥረዋለሁ። በጋዜጣና በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ የጠጠረ ውሃ ያለበት ጠርሙስ አብሬ አድርጌ፣ በጠዋቱ መኪና እሰዳለሁ። አለበለዚያ ቋንጣ ነው የምልክላት። በስሱ የተዘለዘለ፣ ጨው፣ በርበሬና እርድ የገባበት፣ ንፋስ ባለበት ተሰቅሎ ሲሰበር ቀጭ እስኪል የደረቀ። ጀርም ያለ ውሃ አይራባም፤ የአያቶቻችን ቋንጣ ያለ መብራት የሚቆየው ለዚህ ነው። በክረምት ግን አይሞከርም፤ በጉሙ ሳይደርቅ ይሻግታል።

ያን ቀን ከፍሪዘሩ ያወጣሁትን ሥጋ ሁሉ ጣልኩት። አለቀስኩ። ከስምንት ኪሎ በላይ ነበር። እናቴ በስልክ ስትሰማ «የአላህ ኒዕማ እንዴት ይጣላል፣ ልጄ?» አለችኝ። ብዙ ቀን አሰብኩበት። መጣሉ ሳይሆን ያን ያህል ማጨቄ ነበር ጥፋቱ። ሥጋውን ለሚፈልገው ሰው ትኩሱን፣ በዕለቱ መስጠት እችል ነበር።

በሚቀጥለው አረፋ ድርሻችንን በዕለቱ ነው ያከፋፈልኩት። ለራሴ ያስቀረሁት አራት ኪሎ ነው። ባዶ የቀረውን የፍሪዘር ቦታ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞላሁት፤ ሲጠጥር እንዳይፈነዳ ከአፉ ትንሽ አጉድዬ። መብራት ሲጠፋ ሥጋውን የሚጠብቁልኝ እነሱ ናቸው። ሳንቲሟም ከላይ፣ በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማያት ቦታ ላይ አለች።